ዛሬ ምን ቀን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ «ጥሩ ምግብ የት ይገኛል?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ መልስ አያጣም። አንዱ ቦሌ ይለዋል፣ ሌላው ሃያ ሁለት፣ ሌላው ደግሞ መርካቶ ውስጥ ታፔላ የሌላት አንዲት ጠባብ ቤት ይጠቁመዋል። ሁሉም የሚመክሩት ከልባቸው ነው። እንግዳው ግን ምክሩን ይዞ ሄዶ አንጀቱ ሳይርስ ሊመለስ ይችላል። ዓርብ ቀን ክትፎ አማረው፤ ቀረበለት፤ ሥጋው የትናንት ነው። ማክሰኞ ማታ በያይነት አዘዘ፤ ሦስት ዓይነት ወጥ፣ ያውም የተሞቀ፣ መጣለት። ቤቶቹ ስማቸውን ያገኙት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሰውየው የሄደበት ቀን ነው ያልሆነው።

ሜኑ ይህንን አይነግርም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የምግብ ዝርዝር ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፤ ክትፎም ዱለትም ምስርም ሽሮም ሁልጊዜ ያለ ይመስላል። ለዚህ ነው የከተማው ሰው ሜኑ ቢቀርብለትም ሳይገልጠው አስተናጋጇን ቀና ብሎ «ዛሬ ምን አለ?» የሚላት። እሷም በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰዋለች፦ «ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ በያይነት፣ ፍርፍር፣ ፓስታ በአትክልት፣ ሩዝ በአትክልት፤ የፍስክ የለም።» እውነተኛው ሜኑ ይሄ ነው። የሚጻፈውም ማለዳ ገበያ ላይ ነው፤ የሚያጽፈው ደግሞ የቀን መቁጠሪያው።

ከሳምንቱ እንጀምር። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕና ዓርብን ይጾማል። ይህ የእምነት ጉዳይ ቢሆንም ወጥ ቤት ሲገባ የሂሳብ ጉዳይም ይሆናል። በያይነት አንድ ምግብ አይደለም፤ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን ከካሮትና ከድንች ጋር፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ፣ ሽሮ፣ ሰላጣ፣ አንዳንዴም ስልጆ ወይም የሱፍ ፍትፍት ነው። እያንዳንዱ የራሱ ድስት፣ የራሱ ቁሌት፣ የራሱ ሰዓት አለው። ለ10 ሰውም ለ100 ሰውም ሽንኩርት መክተፉና ድስት መጣዱ አይቀርም፤ ስለዚህ ወጥ ቤቷ ሁሉንም ድስት የምትጥደው 100 ሰው እንደሚመጣ ስታውቅ ብቻ ነው። ረቡዕና ዓርብ ይመጣል። የሚጾመው ብቻ ሳይሆን የማይጾመው የሥራ ባልደረባውም አብሮ ይበላል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ሳይሆን ድስቱ ያልቃል። ሰኞ ግን ያው በያይነት ለአምስት ስድስት ሰው ነው የሚፈለገው። ያኔ ዓይነቱ ይቀንሳል፤ የተረፈውም ለነገ ያድራል። በያይነት የሚወድ ሰው ቤት ከመምረጡ በፊት ረቡዕን ይምረጥ።

የሥጋው ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። ቄራ ሌሊት ያርዳል፤ ሥጋው ማለዳ በየሉካንዳው ይንጠለጠላል። የሉካንዳ ባለቤት ሐሙስ ጠዋት ሙሉ በሬ ቢያስገባ አይፈራም፤ ትናንት የጾመ ሰው ዛሬ ይመጣል። ቅዳሜና እሁድማ የታወቀ ነው። ማክሰኞ ግን ነገን እያሰበ ይሰጋል፤ የተረፈ ሥጋ ረቡዕ ገዢ የለውም። ስለዚህ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መንጠቆው ላይ የቀረውን ሥጋ ስታይ የባለቤቱን ስጋትም አብረህ እያየህ ነው።

ጥሬ ሥጋ ቤት የሚገባ ሰው የሚያዝበትን ቋንቋ ቢያውቅ ይጠቀማል። «ሥጋ ስጠኝ» ያለ ሰው ቆራጩ የፈለገውን ይሰጠዋል። «ከሻኛው ጣል አድርግበት፣ ከታላቁ ጨምርበት፣ ጮማው አይብዛ» ያለ ሰው ግን ቢላው ሲሄድ ቆሞ ያያል። ሻኛ ከትከሻው ጉብታ የሚወጣው ለስላሳው ነው፤ ዳቢት፣ ሽንጥ፣ ጎድን፣ ታናሽ፣ ንብረት እያሉ ሁሉም የየራሳቸው ወዳጅ አላቸው። ቆራጩ ሲያነሳው ሥጋው ገና ለብ ያለና ያልተገተረ ከሆነ ብዙ ሰዓት አልቆየም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ትኩስ ሥጋ ለቁርጥ ይመረጣል ማለት ለጥብስም ይመረጣል ማለት አይደለም። እንስሳው ከታረደ በኋላ ባሉት ሰዓታት ጡንቻው ይገተራል፤ ይህ መገተር አንድ ቀን ያህል ይቆይና በራሱ በሥጋው ውስጥ ባሉ ኢንዛይሞች ቀስ እያለ ይላላል። ለዚህ ነው አውሮፓውያን የበሬ ሥጋ በቀዝቃዛ ክፍል ለቀናት፣ ለሳምንታትም ሰቅለው የሚያቆዩት። የእኛ ቁርጥ መገተሩ ሳይጀምር ወይም እንደጀመረ ይበላል፤ ለስላሳ ነው። በዚያው ጠዋት የታዘዘው ጥብስ ግን አንዳንዴ ጥርስ ይፈትናል፤ ተመጋቢው «በሬው አርጅቷል» ብሎ ያማል። በሬው ላያረጅ ይችላል።

ሁለተኛው ማምታቻ የባሰ ነው። ሥጋው ትኩስ ስለሆነ ንጹሕ ነው ብሎ ማመን። የኮሶ ትል እጭ ከረጢት ሠርቶ በጡንቻው ውስጥ የሚቀመጠው በሬው በሕይወት እያለ ነው፤ ከታረደ በኋላ ያለው ሰዓት ማጠሩ አያጠፋውም። የሚያጠፋው ሙቀት ነው፤ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ያህል ማቆየት። የቄራ ሐኪም ማኅተም ያለበት ሥጋ በዓይን ተመርምሯል፤ ዓይን ግን ሁሉን አያይም። አያቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። ጥሬውን አልተዉም፤ በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ ነበር። ዛሬ ከፋርማሲ የሚገኘው ኪኒን ያንን መራራ ነገር ተክቶታል። እኔ ቁርጥ አትብላ የምል ሰው አይደለሁም፤ ያልታተመ ሥጋ የሚሸጥ ቤት ግን ቢያጎርሰኝም አልገባም።

ከሳምንቱ ወደ ትልልቆቹ አጽዋማት ስንሻገር ነገሩ ከወጥ ቤት ወጥቶ እስከ ገጠር በረት ይደርሳል። ለምእመናን የተደነገጉት የጾም ቀናት ተደምረው በዓመት ከ180 በላይ ናቸው፤ ከእነዚህ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በሁዳዴ ብዙዎቹ የክርስቲያን ሉካንዳዎች ይዘጋሉ፤ ጣሪያቸውን የሚጠግኑትም ቀለም የሚቀቡትም ያኔ ነው። የጨረቃ ምልክት ያለባቸው የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው። ላም ግን አትጾምም። ሱሉልታ፣ ሆለታና ሰላሌ ጠዋትና ማታ የሚታለበው ወተት ያው ነው፤ ጠጪው ግን በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ማኅበራቱና ማቀነባበሪያዎቹ የተረፈውን ወደ ቅቤና ወደ አይብ ይለውጡታል፤ ቅቤ ወተት በማይቆይበት ቦታ ይቆያልና። በዚህ ምክንያት ቅቤ በጾሙ አጋማሽ ብዙ ጊዜ ረገብ ይልና ፋሲካ ሲቃረብ ሽቅብ ይወጣል። ዶሮውና እንቁላሉም እንደዚያው። አስተዋይ ባለትዳር ለፋሲካ የሚሆነውን ቅቤ የምትገዛው ሰው ሁሉ ስለ ቅቤ ረስቶ ባለበት ሰሞን ነው።

በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር ምግብ ቤቶቹን አላገዳቸውም። ሁዳዴ ሲገባ የዓሣ ፍላጎት ያድጋል፤ ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣው ቆሮሶም በአዲስ አበባ ይወደዳል። ችግሩ መንገዱ ነው። ዝዋይ ዳር ያለችው ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ዓሣ ደግሞ ከሥጋ ሁሉ ቀድሞ የሚበላሽ ነው፤ በረዶ ካላገኘ ሙቀት ይገድለዋል። ሙሉ ዓሣ ከሆነ እንኳ መመርመር ይቻላል፦ ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ደም የመሰለ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ። ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ሲሆን ግን ምን ይመረመራል? ስለዚህ ዓሣ ወዳድ ከሆንክ ባቱ ወርደህ ብላ። ጠዋት ከጀልባ የወረደው ቆሮሶ ተሰንጥቆ፣ ጎኑ በቢላ ተጭሮ፣ ሙሉውን ዘይት ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ሎሚና ዳጣ እንጂ ሌላ ማጀቢያ አያሻውም። ሐዋሳ አሞራ ገደል ደግሞ አባ ኮዳዎች በእግርህ ሥር አንጀት እየተሻሙ፣ የደፈረ ሰው እዚያው በጥሬው በዳጣ እየጠቀሰ ይበላል። ስለ ጥሬ ሥጋ ያልኩት ለጥሬ ዓሣም ይሠራል፤ ዝርዝሩን አልደግምም።

ረመዳን ሲሆን የከተማው ምግብ ሰዓቱን ይለውጣል። አንዋር መስጊድ ዙሪያ ቀኑን ጭር ያሉ ቤቶች ወደ ማግሪብ ሲቃረብ ይነቃሉ፤ የሳምቡሳ መጥበሻ መንገድ ዳር ይወጣል፤ ሾርባና ተምር ይደረደራል። ዓመቱን ሙሉ የሚሸጥ ሳምቡሳ አለ፤ በዚያ ሰዓት ከዘይት የወጣው ግን ለብቻው ነው፤ ምክንያቱም ያው ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፣ ምጣዱም አይቀዘቅዝም።

አሁን ወደ አትክልት ተራ። የድሮው ሰው አትክልት ተራ ሲባል ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ያለው ነው የሚታየው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መጨናነቁን ለመቀነስ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ሄደ፤ ጃንሜዳ ደግሞ የጥምቀት ሜዳ ነው፤ በ2013 የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተሻገረ። ቦታው ይቀየር እንጂ አሠራሩ ብዙም አልተቀየረም። ኢሱዙዎች ሌሊቱን ከመቂ ቲማቲም፣ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭነው ይገባሉ። ዋጋ የሚቆረጠው ገና ሳይነጋ ነው፤ ደላላው ከሾፌሩና ከጅምላ ነጋዴው መሃል ቆሞ። ፀሐይ ስትወጣ ጅምላው ወደ ቸርቻሪ፣ ከቸርቻሪው ወደ ሰፈር ሱቅና ወደ ጉሊት ይወርዳል። በእያንዳንዱ እጅ ዋጋው ይጨምራል፤ ቲማቲሙም ይዝላል። በ2014 ዓ.ም. ከተማው የጀመረው የእሁድ ገበያ የታሰበው ከእነዚህ እጆች ጥቂቱን ለመቁረጥ ነበር፤ ማኅበራትና አምራቾች በቀጥታ እንዲሸጡ። በዋጋ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ምርጫ ግን እንደ ጉሊቷ አይሰጥም።

የጉሊቷ ነገር ችላ አይባልም። ሰፈር ውስጥ ማዳበሪያ አንጥፋ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ ቲማቲሙን በመደብ በመደብ የምትደረድረው ሴት ሚዛን የላትም፤ የምትመዝነው በዓይኗ ነው። «መደቡ ስንት ነው፣ እናቴ?» ተብላ ዋጋ ከነገረች በኋላ ክርክሩ ብር ለማስቀነስ ብዙም አያዋጣም። የሚያዋጣው «እሺ፣ በይ መርቂልኝ» ማለት ነው። ሁለት ቃሪያ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ጣል ታደርግበታለች። ደንበኛ ከሆንክ ደግሞ ከመደቡ ሥር ያለውን የደቀቀውን ትተህ እንድትመርጥ ዝም ትልሃለች። በሚዛን የምትሸጥ ሱፐርማርኬት ይህን አታደርግም፤ ሥጋና ወተት ካልሆነ በቀር ትኩስ ነገር ከሱፐርማርኬት የምገዛበት ምክንያት አልታየኝም።

ለውጭ ሰው እንቆቅልሽ የሚሆንበት የክረምቱ ገበያ ነው። አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ ሳለ ሽንኩርት ለምን ይወደዳል? ቀይ ሽንኩርት በአብዛኛው የበጋ የመስኖ ሰብል ስለሆነ ነው። በአዋሽ ሸለቆ፣ በመቂና በባቱ ማሳ በደረቁ ወራት ይለማል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ራሱን ያበሰብሰዋል፤ የቅጠል በሽታውም ይበረታል፤ ቲማቲምም ከዋግ አያመልጥም። አቅርቦቱ በሳሳበት ሰዓት እንቁጣጣሽና መስቀል ተከታትለው ይመጣሉ፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት በኪሎ የሚበላ ምግብ ነው። መስከረም ላይ ምግብ ቤት ገብተህ ወጡ ቀጠን ካለብህ ቁሌቱ ላይ የተቆጠበውን ሽንኩርት አስብ። ብልጥ ቤት በዚያን ጊዜ የሚያቀርበው የወቅቱን ነው። ክረምት የጎመን ነው። ነሐሴና መስከረም የበቆሎ እሸት በየመንገዱ ዳር ከሰል ላይ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ልጆች በለስ በቢላ እየላጡ ይሸጣሉ፤ ጥቅምት ላይ የባቄላ እሸት፣ ከዚያ ወዲህ የሽምብራ እሸት በእስር በእስር ይመጣል። ይህ ሁሉ ከየትኛውም ሜኑ ላይ የለም።

መርካቶ በርበሬ ተራና ቅቤ ተራ የሚኬደው በኅዳርና በጥር መካከል ቢሆን ጥሩ ነው፤ የማረቆው፣ የአላባው፣ የቡሬው ዛላ በርበሬ አዲስ የሚገባበት ሰሞን ነው። አንዱን ዛላ አንስተህ ጆሮህ ጋር ነቅንቀው፤ ፍሬው ከውስጥ ከተንኳኳ ደርቋል። ከታጠፈና ካልተሰበረ እርጥብ ነው። ሚዛን እንዲደፋ ውኃ የሚረጩበት አሉ፤ ጉዳቱ በኪስህ ብቻ አያልቅም። እርጥብ በርበሬ ይሻግታል፤ አንዳንዱ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ወጥ ውስጥ ቢንተከተክም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ቅቤ ተራ ደግሞ ሁሉም ቅቤ የሸኖ ነው።

«እትዬ፣ የሸኖ ነው?»

«ከሸኖ ሌላ ምን አለኝ፣ የኔ ልጅ?»

ጎረቤቷን ብትጠይቃትም ያንኑ ነው የምትልህ። ሸኖ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ቅቤዋ ስም አለው። መርካቶ ውስጥ በስሟ የሚሸጠውን ሁሉ ለመናጥ ግን ያሏት ላሞች የሚበቁ አይመስለኝም። ስሙን ተወውና እጅህን ዘርጋ። ሻጯ በቢላ ጫፍ ጥቂት ቆንጥራ መዳፍህ ጀርባ ላይ ታደርግልሃለች። በመጀመሪያ አሽትተው፤ ለጋው ወተት ወተት ይላል፤ በሳሉ አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ለክትፎ ለጋውን፣ ለዶሮ ወጥ በሳሉን የሚሉ ብዙ ናቸው። ከዚያ በሌላው እጅህ ጣት እሸው። ቅቤ በሰውነት ሙቀት ይቀልጣል፤ ቆዳው ውስጥ ይሰርጋል። የረጋ የአትክልት ዘይት የተቀላቀለበት ግን ሰም እንደተቀባህ ሆኖ ይንሸራተታል። ሻጯ ይህንን ስታደርግ ካየችህ ወይ ፈገግ ትላለች፣ ወይ «ካልፈለግህ ተወው» ትልሃለች። ሁለቱም መልስ ነው።

ከከተማ ወጣ ለማለት ያሰበ ሰው የሚሄድበትን ከተማ ገበያ ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ። የባቲ ሰኞ ነው፤ የሰንበቴ እሁድ፤ የላሊበላ ቅዳሜ። የጎረቤታሞች ከተሞች ገበያ ቀን የሚለያየው ነጋዴው አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው እንዲዘዋወር ነው፤ ሐሙሲትና ሮቢትን የመሰሉ ከተሞች እንዲያውም ስማቸውን ከቀኑ ነው ያገኙት። በገበያ ቀን ትንሿ ከተማ ያላት ምግብ ቤት ሁሉ ጠዋት ያርዳል፣ ያበስላል፤ ከገጠር የመጣው ሰው አህያውን አስሮ ሳይበላ አይመለስም። በማግሥቱ ብትሄድ ያው ወንበር፣ ያው ሜኑ ይጠብቅሃል፤ የሚቀርብልህ ግን የትናንቱ ፍርፍር ነው።

ሥጋ የማይበሉ እንግዶችም አንድ ነገር ቢነገራቸው ደግ ነው። ኢትዮጵያ ለእነሱ ገነት ናት እየተባለ ሲጻፍ ያነባሉ፤ ለአብዛኛው ዓመት እውነት ነው። ነገር ግን ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት በዓለ ሃምሳ ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የበያይነቱ ድስቶች ታጥበው ይሰቀላሉ፤ ሽሮው ውስጥ ሳይቀር ቅቤ ይገባል፤ «የጾም አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ላይ አስተናጋጇ ዓይኗን ታፈጥበታለች። በዚያ ሰሞን የመጣ አትክልት በል ሽሮውን «ያለ ቅቤ፣ በዘይት ብቻ» ብሎ ከማዘዙ በፊት ደጋግሞ ያስረዳ፤ ወይም ጉዞውን ሰኔ ጾም እስኪገባ ያዘግየው።